ከባዱን የቤዝ ካቢኔት በቀላል እንዴት እንቀይር? ጎንደር ለሚጫወቱ ቤዚስቶች

«ካቢኔቴ ከበደኝ፤ ቀለል ያለ የትኛውን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ አያልቅም። ካቢኔት የምንለው የቤዝ አምፑ ድምፅ የሚወጣበትን የስፒከር ሣጥን ነው። ሆቴል የሚጫወተውም፣ ሰርግ የሚሠራውም፣ መዘምራን የሚያጅበውም ይጠይቀኛል። ከተማችን ዳገት ናት፤ መንገዱ ኮብልስቶን ነው፤ ዕቃ የሚጫነው ባጃጅ ላይ ነው። 40 ኪሎ ሣጥን ይዞ በዚህ መንገድ መመላለስ ወገብ ይጎዳል። ስለዚህ መልሱን አንዴ በሥርዓት ልጻፈው።

በኪሎ ቀላል የሆነ ካቢኔት ማግኘት አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ቀላል ሆኖ የአሮጌውን ሥራ የሚሠራ ማግኘት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አሮጌው ምን እየሠራላችሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ከዚያ ያንን የሚተካ ትፈልጋላችሁ። ከታች ያሉት ደረጃዎች ለዚህ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውን ጠብቁ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የራሳችሁ ቤዝ ጊታር እና የራሳችሁ አምፕ
- ትክክለኛ የስፒከር ገመድ፣ በአምፑና በካቢኔቱ መሰኪያ ልክ (ስፒኮን ወይም ጃክ)
- ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) የሚለካ ቴስተር
- ሜትር
- ሚዛን
- ካቻቢቴ
- አንድ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ
- ስልክ ላይ የተጫነ የድምፅ መጠን መለኪያ አፕ
- የሚያዳምጥላችሁ ጓደኛ፣ ድራመር ቢሆን ይመረጣል

ካቢኔት ለምን ይከብዳል?

ክብደቱ በዋናነት ከሁለት ነገር ይመጣል። አንዱ ማግኔቱ ነው። የቆየው ዓይነት ስፒከር ፌራይት የሚባል ጥቁርና ሰፊ ማግኔት አለው። አዲሱ ኒዮዲሚየም ነው፤ በጣም ትንሽ ሆኖ ያንኑ ጉልበት ይሰጣል። ሁለተኛው እንጨቱ ነው። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የበርች ኮምፔርሳቶ በካሬ ሜትር 12 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በዚያው ውፍረት ኤምዲኤፍ ከዚያም ይበልጣል፤ የፖፕላር ኮምፔርሳቶ ግን 8 ኪሎ አካባቢ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ለማየት ሁለት ጫፎችን እንውሰድ። ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከር የያዘው አምፔግ ኤስቪቲ 810ኢ ወደ 63 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ባለ 12 ኢንች ኒዮዲሚየም ስፒከር ያለው አጉዊላር ኤስኤል 112 ደግሞ 11 ኪሎ ገደማ ነው። ሁለቱ አንድ ሥራ አይሠሩም። ግን ብዙዎቻችን የምንሸከመው ለትልቅ ስታዲየም መድረክ የተሠራ ሣጥን ሆኖ፣ የምንጫወተው ሆቴል ሳሎን ውስጥ ነው።

ደረጃ 1፦ ያላችሁን መዝኑና ለኩ

ክብደቱን በግምት አትናገሩ። ሰፈራችሁ ያለ ወፍጮ ቤት የእህል ሚዛን ስላለው ካቢኔቱን እዚያ ወስዳችሁ አስመዝኑ። ቁመት፣ ወርድና ጥልቀቱንም በሜትር ለኩና ጻፉ።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ሻጭ «ቀላል ነው» ሲላችሁ የምታወዳድሩበት ቁጥር እንዲኖራችሁ ነው። ከ38 ወደ 32 ኪሎ መውረድ ገንዘብ የሚወጣበት ለውጥ አይደለም፤ ደረጃ ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይሰማም። እኔ የምመክረው ቢያንስ በግማሽ እንዲቀንስ፣ ወይም አንድ ሰው በአንድ እጁ ሊያነሳው የሚችል እንዲሆን ነው። በአንድ እጅ ለማንሳት ከ15 ኪሎ ባይበልጥ ጥሩ ነው።

አብራችሁም የባጃጁን የኋላ በር ክፍተት ለኩ። ቀላል ሆኖ በበሩ የማይገባ ካቢኔት ሚኒባስ ያስኮናትራችኋል።

ደረጃ 2፦ የምትጫወቱበትን ቦታ ለዩ

ወሳኙ ደረጃ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል። ያለፉትን ሥራዎቻችሁን አስቡና እያንዳንዱን ከሦስቱ በአንዱ ሥር መድቡት።

ሀ. ቤዙ በሞንታርቦ የሚወጣበት ቦታ። ከአምፑ በዲአይ (የቤዙን ሲግናል በገመድ ወደ ሚክሰር በሚልከው መውጫ) ወደ ሚክሰር ይገባል፤ ትልልቅ ሰብ (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ያላቸው ሞንታርቦዎች ለሕዝቡ ያሰማሉ። እዚህ የእናንተ ካቢኔት ሥራ ለእናንተና ለድራመሩ ማሰማት ብቻ ነው። አንድ ባለ 12 ኢንች ይበቃል።

ለ. ሞንታርቦ ኖሮ ሰብ የሌለበት ቦታ። ትንንሽ አዳራሾችና ብዙ የሆቴል ሳሎኖች እንደዚህ ናቸው። ድምፃዊውና ኪቦርዱ በሞንታርቦ ይወጣል፤ ወፍራሙን ድምፅ ግን የሚሸከመው የእናንተ ካቢኔት ነው። እዚህ ሁለት ባለ 12፣ ወይም ጥሩ ሁለት ባለ 10 ያስፈልጋል።

ሐ. ድንኳን ወይም ግቢ። የጥር ሰርግ በአብዛኛው እዚህ ይወድቃል። ሜዳ ላይ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ የለም፤ የድንኳን ሸራ ደግሞ ዝቅተኛውን ድምፅ አይይዝም፤ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያስደነገጠ ካቢኔት ድንኳን ውስጥ ይጠፋል። ሰብ ከሌለ ሁለት ባለ 12 ዝቅተኛው ነው፤ አራት ባለ 10 ቢሆን ይሻላል።

አብዛኛው ሥራችሁ «ሀ» ሆኖ በዓመት ለሁለት ድንኳን ብላችሁ ትልቅ ሣጥን አትግዙ። ለእነዚያ ቀናት ሰብ ያለው ሳውንድ መከራየት የደጋሹ ሥራ ይሁን፤ ስትዋዋሉ ተናገሩ። አብዛኛው «ሐ» ከሆነ ደግሞ በአንድ ትንሽ ካቢኔት ራሳችሁን አትሸንግሉ።

ደረጃ 3፦ የአምፑን ጀርባ አንብቡ

አምፑን አዙሩና በስፒከር መውጫው አጠገብ የተጻፈውን ፈልጉ። «ሚኒመም 4 ኦም» ወይም «ሚኒመም 8 ኦም» ይላል። ይህ ቁጥር ከምርጫችሁ ግማሹን ይወስናል። አምፑ ከዚህ በታች ኦም ሲሰጠው ከሚችለው በላይ ከረንት ይስባል። ይሞቃል፣ ይዘጋል፣ ከባሰም ይቃጠላል።

ከካቢኔት ወደ ካቢኔት በገመድ ስትቀጥሉ ኦሙ ይቀንሳል እንጂ አይደመርም፦

- አንድ ባለ 8 ኦም ብቻውን፦ 8 ኦም
- ሁለት ባለ 8 ኦም፦ 4 ኦም
- አንድ ባለ 8 እና አንድ ባለ 4፦ 2.67 ኦም
- ሁለት ባለ 4 ኦም፦ 2 ኦም

ብዙዎቹ ዘመናዊ ቀላል አምፖች ዝቅተኛቸው 4 ኦም ነው። ለእነሱ ሁለት ባለ 8 ኦም ካቢኔት መድረሻው ነው። አንድ ባለ 4 ኦም ከገዛችሁ ግን ሌላ መጨመር አትችሉም። ወደፊት ሁለተኛ ካቢኔት ልትጨምሩ ካሰባችሁ ባለ 8 ኦሙን ያዙ።

«8 ኦም ላይ አምፑ ግማሽ ዋት ብቻ ነው የሚሰጠው» ብላችሁ አትፍሩ። 4 ኦም ላይ 500 ዋት የሆነ አምፕ 8 ኦም ላይ ብዙ ጊዜ ከ250 እስከ 300 ዋት ይሰጣል። ዋት በግማሽ ሲወርድ ድምፁ የሚቀንሰው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ ድምፅ በግማሽ ቀነሰ የሚባለው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲወርድ ነው።

የካቢኔቱ ጽሑፍ ከጠፋ በቴስተር ለኩት። የስፒከር ገመዱን ካቢኔቱ ላይ ሰክታችሁ ሌላኛውን ጫፍ ከአምፑ አውጡ፤ ከዚያ በጫፉ ላይ ለኩ። ባለ 8 ኦሙ ከ5.5 እስከ 7 ያነብባል፤ ባለ 4 ኦሙ ከ3 እስከ 3.5 አካባቢ። ከተጻፈው ማነሱ ልክ ነው፤ ቴስተር የሚለካው የሽቦውን ተቃውሞ ብቻ ስለሆነ ነው።

የቱቦ አምፕ ያላችሁ ሰዎች ተጨማሪ ጥንቃቄ አለባችሁ። መውጫው ላይ ያለው የኦም መምረጫ ከካቢኔቱ ጋር መግጠም አለበት። ካቢኔት ሳይሰካ ደግሞ በፍጹም አይብራ፤ ትራንስፎርመሩ ይበላሻል።

ደረጃ 4፦ ቁጥሮቹን በትክክል አንብቡ

ሻጭ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ዋት ነው። የካቢኔት ዋት ግን ምን ያህል እንደሚጮህ አይናገርም። ሳይቃጠል ምን ያህል ሙቀት እንደሚችል ነው የሚናገረው። ጩኸቱን የሚናገረው ሴንሲቲቪቲ ነው። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት፣ በዴሲቤል ይጻፋል።

አንዱ ካቢኔት 97፣ ሌላው 100 ዴሲቤል ነው እንበል። 97ቱ 100ውን ለመድረስ የአምፑን ዋት እጥፍ ይፈልጋል። ማለትም 100 ዴሲቤሉ በ150 ዋት የሚሠራውን፣ 97ቱ በ300 ዋት ነው የሚሠራው። ትንሽ አምፕ ያላችሁ ሰዎች ለዚህ ቁጥር ከዋት ይልቅ ትኩረት ስጡ።

ቀጥሎ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ተመልከቱ። የቤዝ ዝቅተኛው ኢ ክር 41 ኸርዝ ነው፤ ባለ አምስት ክር ቤዝ ላይ ያለው ቢ 31 ኸርዝ ነው። ማስታወቂያ ላይ «35 ኸርዝ ይወርዳል» ሲባል በስንት ዴሲቤል ቅናሽ እንደሆነ ፈልጉ። በ3 ዴሲቤል ቅናሽ ከሆነ በደንብ ይሰማል። በ10 ዴሲቤል ቅናሽ ከሆነ አለ ለማለት ያህል ነው። ቢሆንም 41 ኸርዝ ሙሉ ለሙሉ ካልወጣ ብላችሁ አትጨነቁ። የኢ ክር ድምፅ ትልቁ ክፍል የሚሰማው እጥፉ ላይ፣ 82 ኸርዝ አካባቢ ነው። እዚያ ጠንካራ የሆነ ካቢኔት ባንድ ውስጥ ወፍራም ሆኖ ይሰማል።

እዚህ ላይ ማንም ፋብሪካ የማያመልጠው ሕግ አለ፤ መሐንዲሶች የሆፍማን የብረት ሕግ ይሉታል። ትንሽ ሣጥን፣ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ በትንሽ ዋት ብዙ መጮህ፦ ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ ነው የምታገኙት። ስለዚህ «ትንሽ ናት ግን እንደ ትልቁ ዝቅ ትላለች፣ እንደ ትልቁም ትጮሃለች» የተባለላችሁ ካቢኔት ከአንዱ ላይ ቀንሳለች። ብዙ ጊዜ የምትቀንሰው ከሴንሲቲቪቲው ነው፤ ያንን ደግሞ ብዙ ዋት ባለው አምፕ መሙላት አለባችሁ። የዛሬ ቀላል አምፖች 2 ወይም 3 ኪሎ እየመዘኑ ብዙ መቶ ዋት ስለሚሰጡ ይህ ልውውጥ ለብዙ ሰው ያዋጣል። 100 ዋት የድሮ አምፕ ላለው ግን አያዋጣም።

ደረጃ 5፦ ቅርጹን ምረጡ

በኒዮዲሚየም የተሠሩ ካቢኔቶች ክብደታቸው በግምት እንዲህ ነው፦

- አንድ ባለ 12፦ ከ11 እስከ 16 ኪሎ
- ሁለት ባለ 10፦ ከ13 እስከ 20 ኪሎ
- ሁለት ባለ 12፦ ከ18 እስከ 25 ኪሎ
- አራት ባለ 10፦ ከ22 እስከ 30 ኪሎ

ጎንደር ላይ በሆቴልም በሰርግም ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ ሁለት አንድ ዓይነት ባለ 12፣ እያንዳንዳቸው 8 ኦም የሆኑ ካቢኔቶች ናቸው። ምክንያቱን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ክብደቱ ለሁለት እጅ ይከፈላል። ድምሩ 26 ኪሎ ቢሆን እንኳ 13 እና 13 ይዞ ደረጃ መውጣት፣ 26 ኪሎ በአንድ ጎን ተንጋዶ ከመሸከም በጣም ይሻላል። ሁለተኛ፣ ለትንሽ ሥራ አንዷን ብቻ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ሦስተኛ፣ ሁለተኛዋ ስትጨመር ድምፁ እስከ 6 ዴሲቤል ያድጋል፤ ግማሹ ሁለቱ ስፒከሮች አብረው ስለሚገፉ፣ ግማሹ አምፑ 4 ኦም ላይ ተጨማሪ ዋት ስለሚሰጥ። አራተኛ፣ አንዷ መድረክ ላይ ብትበላሽ ሥራው አይቆምም።

ሁለቱን ስታስቀምጡ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቡ እንጂ ጎን ለጎን አታስቀምጡ። ሲደረቡ የላይኛው ስፒከር ወደ ጆሯችሁ ይቀርባል፤ ድምፁም ወደ ግራና ቀኝ ሰፋ ብሎ ይሄዳል። ጎን ለጎን ሲሆኑ ከፊት ለፊት የቆመ ብቻ ጥርት ብሎ ይሰማዋል፤ ዳር የቆመው ጊታሪስት ይደበዝዝበታል።

አራት ባለ 10 የለመደና ያንን ደረት የሚመታ የመሃል ድምፅ የሚወድ ሰው በኒዮዲሚየም አራት ባለ 10 ቢገዛ አልቃወምም። ሁለት እጀታ ጎንና ጎን ያለው ይሁን።

ደረጃ 6፦ ሣጥኑን መርምሩ

ቀላል እንጨት መጥፎ አይደለም። መጥፎው ውስጡ ያልተደገፈ ቀላል እንጨት ነው። የካቢኔቱን ጎን፣ ጣሪያና ጀርባ በጣት አንጓ አንኳኩ። አጭርና ደረቅ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ መደገፊያ አለው። እንደ ከበሮ ከጮኸ ግን የእንጨቱ ድምፅ ከቤዙ ጋር ይቀላቀላል፤ አንዳንድ ኖታዎች ይንጫጫሉ፣ ሌሎቹ ይሞታሉ።

ማዕዘኖቹንና የታችኛውን ጎን በደንብ እዩ። ከቺፑድ የተሠራ ከሆነ ክረምት ላይ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፤ ብሎኖቹም ይላላሉ። በእኛ ከተማ ከሰኔ እስከ መስከረም በባጃጅ ዕቃ ለሚያመላልስ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ኮምፔርሳቶ ይሁን፤ ከላዩም ውኃ የማያስገባ ልባስ ይኑረው።

ብሎኖቹንም አጥብቁ። ኮብልስቶን ላይ የሚንገጫገጭ ሣጥን ብሎኑ ሳይታወቅ ይላላል፤ መድረክ ላይ «ስፒከሩ ተቀደደ» ያሰኘ ጩኸት ብዙ ጊዜ የላላ ብሎን ሆኖ ይገኛል።

ደረጃ 7፦ በጆሮ ፈትኑ

የሱቁን ቤዝና የሱቁን አምፕ አትጠቀሙ። የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ መቀየር ያለበት ካቢኔቱ ብቻ ነው። አለዚያ የሰማችሁት ልዩነት ከየት እንደመጣ አታውቁም።

ሀ. የአምፑን ባስ፣ ሚድል እና ትሬብል ሁሉ መሃል ላይ አድርጉ።

ለ. የሁለቱን ካቢኔቶች ድምፅ በስልካችሁ መለኪያ እኩል አድርጉ። ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይሰማል፤ ሻጭም ይህን ያውቃል።

ሐ. ከክፍቱ ኢ ክር ጀምሮ እያንዳንዱን ፍሬት በቀስታ፣ በእኩል ኃይል እስከ አሥራ ሁለተኛው ተጫወቱ። የሚጠፋ ወይም የሚዘል ኖታ አለ? ካለ ቦታችሁን ቀይራችሁ ድገሙ። አሁንም ያው ኖታ ከሆነ ችግሩ ከካቢኔቱ ነው፤ ከተቀየረ ከክፍሉ ነው።

መ. መድረክ ላይ በምትጫወቱበት ኃይል ክፍቱን ኢ ደጋግሙ። ኮኑ (የስፒከሩ የሚንቀሳቀሰው ክብ ፊት) ከአቅሙ በላይ ሲሄድ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰጣል። ይህ ከመጣ ለእናንተ አቅም አይበቃም።

ሠ. ጓደኛችሁ እየተጫወተ እናንተ ስምንት ሜትር ያህል ራቁና ስሙ። ከዚያ ወደ ዳር ሄዳችሁ ስሙ። ሰው የሚሰማው ከዚያ ነው።

ረ. የሚቻል ከሆነ ከድራመር ጋር ፈትኑት። ለብቻው ደስ የሚል ድምፅ ከቤዝ ድራሙና ከከበሮው ጋር ሲሆን ሊጠፋ ይችላል። በእኛ ጭፈራ ውስጥ ቤዙ ከምቱ ጋር ካልተያያዘ እስክስታው ይላላል፤ ስለዚህ የማይዘለል ፈተና ይህ ነው።

ደረጃ 8፦ ያገለገለ ከሆነ

ፍርግርጉን በካቻቢቴ ፍቱ። የኮኑን ዳርና ዳር በሁለት እጅ ጣቶች ይዛችሁ፣ በእኩል ኃይል ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ግፉ። ያለ ድምፅ መሄድና መመለስ አለበት። እንደ ወረቀት መፋቅ ከተሰማ ኮይሉ (ከኮኑ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅል) ማግኔቱን እየነካ ነው፤ ወይ ተቃጥሏል፣ ወይ ሣጥኑ ወድቆ ማግኔቱ ቦታውን ለቋል። አትግዙት።

ከዚያ ባትሪው። ባለ 1.5 ቮልቱን ከገመዱ ጫፍ ጋር ለአፍታ አነካኩ፤ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ። ሁሉም ኮኖች አብረው ወደ ውጭ መውጣት አለባቸው። አንዱ ወደ ውስጥ ከገባ ሽቦው ተገልብጧል ማለት ነው። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ቤዙም እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ይህ ሽቦ በማገላበጥ የሚስተካከል ስለሆነ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማችኋል።

ደረጃ 9፦ ከሩቅ ስታስመጡ

ከውጭ አገር ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ፣ ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት 23 ኪሎ ነው፤ የቁመት፣ የወርድና የጥልቀት ድምር ደግሞ 158 ሴንቲ ሜትር። ማሸጊያውን ጨምራችሁ ለኩ። አንድ ባለ 12 ኢንች ቀላል ካቢኔት በዚህ ውስጥ በደንብ ይገባል። አራት ባለ 10 አይገባም። ሁለት ትንንሽ ካቢኔት የምመርጥበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው።

አምፕ የሌለው ካቢኔት መብራት ስለማይሰካ የቮልቴጅ ጣጣ የለበትም። አብሮ አምፕ የሚመጣ ከሆነ ግን ጀርባው ላይ «100–240» ወይም «220–240» መባሉን በፎቶ አረጋግጡ። ለአሜሪካ ብቻ የተሠራ፣ 120 የሚል አምፕ እኛ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል።

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ካስመጣችሁ ፖርቶ መጋላ ላይ በክረምት አይጫን። ግድ ከሆነ በሁለት ድርብ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በኮኑ በኩል ጠንካራ ካርቶን ወይም ኮምፔርሳቶ ታስሮበት ይጫን።

ስፒከሩን ብቻ መቀየር ይቻላል?

ሣጥኑን የምትወዱት ከሆነና እንጨቱ ደህና ከሆነ፣ ይቻላል። አራት ባለ 10 ፌራይት ስፒከሮችን በኒዮዲሚየም መቀየር ጥቂት የማይባል ኪሎ ይቀንሳል፤ እንጨቱ ግን ያው ስለሚቀር ተአምር አትጠብቁ። መግጠም ያለባቸው ብዙ ናቸው፦ የእያንዳንዱ ስፒከር ኦም፣ የቀዳዳው ስፋት፣ የብሎኖቹ ቦታ። ከሁሉም በላይ ግን አዲሱ ስፒከር የሚፈልገው የሣጥን መጠን ከእናንተ ሣጥን ጋር መስማማት አለበት። ይህን ከስፒከሩ ፋብሪካ መረጃ ላይ ሳታዩ አትግዙ። ያልተስማማ ከሆነ ወይ ቤዙ ይደርቃል፣ ወይ አንድ ኖታ ላይ ብቻ ይጮሃል። ስትገጥሙ ካቻቢቴው ሲያመልጥ ኮኑን እንዳይበሳው በሌላኛው እጃችሁ ከልሉት።

ማስጠንቀቂያ

- የጊታር ገመድን ለስፒከር አትጠቀሙ፤ ጫፉ አንድ ቢሆንም። ውስጡ ቀጭን ስለሆነ ይሞቃል፣ ይቀልጣል፣ አምፑንም ሊያቃጥል ይችላል።
- ገመድ የምትሰኩትም የምትነቅሉትም አምፑ ጠፍቶ ይሁን። ጃክ ሲነቀል ለቅጽበት ሾርት ያደርጋል።
- መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር ሲነሳ አምፑን ወዲያው አታብሩ። ቮልቴጁ እስኪረጋ ጠብቁ፤ ስታቢላይዘር ካለ በሱ በኩል ስኩ።
- ከካቢኔቱ ዋት በጣም የሚበልጥ አምፕ ካላችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ግን ባሱን ከፍ አድርጋችሁ አታስጨንቁት። ትንሽ ካቢኔት የሚሞተው ከሙቀት በፊት ኮኑ ከመጠን በላይ ሲወጣ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

*በኪሎ ብቻ መምረጥ።* 8 ኪሎ ካቢኔት አለ። ድንኳን ውስጥ ግን አይሰማም። መጀመሪያ ደረጃ 2፣ ከዚያ ኪሎ።

*የተለያዩ ካቢኔቶችን ማጣመር።* አሮጌውን ባለ 15 ከአዲሱ ባለ 10 ጋር መደረብ «ባለ 15ቱ ለወፍራሙ፣ ባለ 10ሩ ለቀጭኑ» ከሚል ግምት ይመጣል። ሁለቱም ሙሉውን ድምፅ ነው የሚቀበሉት። አንዳንድ ኖታ ላይ ይደጋገፋሉ፣ ሌላው ላይ ይጠፋፋሉ። ደካማው ደግሞ ጠንካራው ገና ሳይጨነቅ ይበላሻል።

*ድምፅ ሲያንስ ባሱን መጨመር።* ትንሽ ካቢኔት ላይ 40 ኸርዝን መግፋት ዋት ይበላል እንጂ አይሰማም። ይልቅ ሚድሉን ትንሽ ጨምሩ፤ አምፑ ዝቅተኛውን የሚቆርጥ ፊልተር ካለው 35 ወይም 40 ላይ አብሩት። ድምፁ ሲጠራና ከፍ ሲል ትሰሙታላችሁ።

*ቦታውን መርሳት።* ካቢኔቱን ከኋላው ካለ ግንብ አጠጉት። ለዝቅተኛው ድምፅ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ የዋት እጥፍ በነፃ ማለት ነው። ቤዙ ከበዛና ከተንጫጫ ደግሞ አርቁት።

*ሳያስሩ ወይም ሳያነጥፉ መደረብ።* ቀላል ካቢኔት ሲንቀጠቀጥ ይንሸራተታል። ከባዱ በክብደቱ ይቆም ነበር፤ ይህ አይቆምም። በሁለቱ መካከልና ከሥር የጎማ ምንጣፍ ቁራጭ አንጥፉ። በሳንቃ የተሠራ ባዶ መድረክ ከሆነ ወፍራም ስፖንጅ ከሥር አድርጉ፤ መድረኩ ራሱ እንዳይጮህ።

*አሮጌውን ቶሎ መሸጥ።* አዲሱን ቢያንስ አንድ ሙሉ ሰርግና አንድ የሆቴል ምሽት ሥሩበት። ይህንንም ከጥምቀት በፊት፣ ሥራ ሳይደራረብ አድርጉት። ካልበቃችሁ በዚያ ሰሞን ተመልሳችሁ የምትይዙት ካቢኔት ይኖራችኋል።